በጥቅምትና በኦክቶበር መካከል የቀለጠው ገንዘቤ

ወንድሜ፣ ከጎንደር ተነስተህ ፍራንክፈርትና ሮም ያሉ የድሮ ጓደኞችህን ለመጠየቅ፣ እግረ መንገድህንም ከተሞቹን ለማየት አስበሃል። ወረቀቱ ላይ ምን ልጠንቀቅ፣ እዚያ ስደርስስ ቀኑን እንዴት ልከፋፍለው ነው ያልከው። እኔም ባለፈው ዓመት የሄድኩት በዚሁ መንገድ ነው፤ ፋሲለደስ ትምህርት ቤት አብረውኝ የተማሩ ሁለት ጓደኞቼ ጋ። ስለዚህ ፓስፖርት አውጣ፣ ቀጠሮ ያዝ ምናምን የሚለውን እዘለዋለሁ።

1. ወረቀቶችህ ላይ ያሉትን ቀኖች ቁጭ ብለህ አንድ በአንድ አስተያይ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። የዓመት ፈቃዴ ከጥቅምት 5 እስከ 25፣ 2017 ነበር። በፈረንጆቹ ከኦክቶበር 15 እስከ ኖቬምበር 4፣ 2024 ማለት ነው። ኢንሹራንሱም፣ የበረራ ቦታውም፣ ጓደኛዬ የላከልኝ ግብዣም በዚሁ ተሞልቷል። አዲስ አበባ ያለ አንድ ትርጉም ቤት ግን የመሥሪያ ቤቴን ደብዳቤ ሲተረጉም ጥቅምትን ኦክቶበር አደረገና ቁጥሩን እንዳለ ተወው። ከኦክቶበር 5 እስከ 25። ዓመተ ምህረቱን 2024 ብሎ ስላስተካከለው ሳየው አልነቃሁም።

እስቲ አስበው፣ ፈቃዴ ኦክቶበር 25 ያልቃል፣ የመመለሻ በረራዬ ኖቬምበር 4 ነው። ቪዛ የሚሰጠው ሰው ሲያየው አስር ቀን ከሥራዬ እጠፋለሁ። መስከረም ላይ የተከለከልኩበት ወረቀት መጣ፤ ምልክት የተደረገበት መስመር ያቀረብኩት መረጃ አስተማማኝ አይደለም ይላል። በእነሱ አልፈርድም። ያን ሌሊት እህቴ ቤት ወረቀቱን ሁሉ ምንጣፍ ላይ ዘርግቼ ስፈልግ ስፈልግ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አገኘሁት። አንዲት መስመር።

ጠዋት ትርጉም ቤቱ ሄድኩ። ልጁ ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል «አንተ አይተህ ፈርመህ ነው የወሰድከው» አለኝ። ይቅርታ የሚባል ነገር የለም፣ የከፈልኩትንም አልመለሰልኝም። የቪዛው 90 ዩሮ አይመለስም፤ ከጎንደር አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ የተመላለስኩበት ትኬትም በላዩ ላይ አለ። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

አንተ መሥሪያ ቤትህ ደብዳቤውን ሲጽፍ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን እንዲያሰፍር አድርግ። መልሼ ሳመለክት የእኔዋ ጸሐፊ ፎርማቱ አይፈቅድም ብላ ሦስት ቀን አመላልሳኛለች፤ በአራተኛው ቀን በሯ ላይ ተቀምጬ አስጻፍኩ። እምቢ ቢሉህም እንዳትለቃቸው።

2. ጀርመን ያለው ጓደኛህ ወጪህን እችላለሁ ብሎ የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄዶ የሚፈርመው ሰነድ አለ። 29 ዩሮ ነው፤ ዋናውን ይልክልሃል። እሱን በስድስት ወር ውስጥ ካላመለከትክበት ያልፍበታል። የእኔ ጓደኛ መጀመሪያ የፈረመው ሐምሌ ላይ ነው። እኔ ተከልክዬ በየካቲት መልሼ ሳመለክት ጊዜው አልፎ ነበር። የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ፣ ሳይተኛ፣ ሁለተኛ ሄዶ ተሰለፈልኝ። አንዲት የምሬት ቃል አልወጣውም፤ እኔን ሆዴን የበላኝ እሱ ነው። ሁለተኛውን ማመልከቻ ያለ ደላላ፣ ያለ ጉዳይ አስፈጻሚ፣ እያንዳንዷን መስመር ራሴ ሞላሁ። ቀኑንም ራሴ ቆጠርኩ። ቪዛው ወጣ፤ ግንቦት ላይ ሄድኩ። ደግሞ የምታመለክተው ብዙ ሌሊት የምታድርበት አገር ነው። እኔ 12 ሌሊት ፍራንክፈርት፣ 6 ሌሊት ሮም ነበርኩ። የጉዞ ኢንሹራንሱም ከ30,000 ዩሮ በታች እንዳይሆን።

ስለ ሻንጣህ ልንገርህ፣ ማንም ስላልነገረኝ። የጓደኛዬ እናት «ለልጄ» ብለው ንጥር ቅቤ አንጥረው በጣሳ ላኩ። ክዳኑን በላስቲክ ሦስት ጊዜ ጠቅልለው፣ በክር አስረው፣ ስሙን ጽፈውበት። ስጋና የወተት ተዋጽኦ ከውጭ ይዞ አውሮፓ መግባት ክልክል ነው። ጉምሩክ ላይ ከፍተው አዩትና ከያዝኩት ቋንጣ ጋር ጣሉት። የጉምሩኳ ሴትዮ ቅቤው ሲሸታት ፊቷን ዞር አደረገች። እኔ ግን የእማማ ጽሑፍ ከቆሻሻው ላይ ሲታየኝ እንባዬ መጣ። በርበሬና ሽሮ አልነኩብኝም። የጓደኛህ እናት ቅቤ ቢሰጡህ እዚሁ ንገራቸው፤ እዚያ ከሚጣል እዚህ ቅር ቢላቸው ይሻላል።

ቀኑን እንዴት ልከፋፍል ላልከው፣ ጓደኛህ ሠራተኛ ነው፤ ቀን ቀን ከተማውን ብቻህን ተዟዟር፣ ማታውን ለእሱ ተወው። እኔ መጀመሪያ ሳምንት የእኔው ጓደኛ ከሌሊት ፈረቃው ገብቶ ተኝቶ እስኪነሳ ቤት ቁጭ ብዬ ቀኔን አቃጠልኩ። ከዚያ ባቡሩን፣ ትራሙንና አውቶቡሱን የሚያካትተውን የወር ትኬት በስሜ ገዛልኝ። 58 ዩሮ ነበር፤ ፈጣኖቹን ባቡሮች አይጨምርም። በየወሩ የሚታደስ ስለሆነ ወሩ በገባ እስከ 10ኛው ቀን ካልሰረዝከው የሚቀጥለውንም ያስከፍላል። በዚያ ትኬት ጎታ የምትባል የጀርመን ከተማ ድረስ ሄድኩ። በዝግተኞቹ ባቡሮች ከሦስት ሰዓት በላይ ነው።

ጎታን ማንም አይነግርህም። አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ የእኛ አገር ሰው፣ ንጉሥ ፋሲል እዚህ ጎንደር በነበሩበት ዘመን፣ በ1652 እ.ኤ.አ. እዚያ ወዳለው ፍሪደንሽታይን ግንብ ተጋብዘው ሄደዋል። ጀርመናዊውን ምሁር ሂዮብ ሉዶልፍን አማርኛ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ሉዶልፍ ደግሞ የመጀመሪያውን የአማርኛ ሰዋስው በ1698 ያሳተመው እዚያው ፍራንክፈርት ነው። ግንቡ ፊት ቆሜ ለጓደኛዬ ስደውልለት ስምንት ዓመት ሲኖር አልሰማም ነበር። በሚቀጥለው እረፍቱ አብረን ተመልሰን ሄድን።

ሮም ብዙ አልልህም፤ ጓደኛህ ያዞርሃል። ግን ቺርኮ ማሲሞ ሜትሮ ጣቢያ ውረድና የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅቱ ፋኦ ሕንፃ ፊት ቁም። በ1937 እ.ኤ.አ. ተወስዶ በ2005 እ.ኤ.አ. የተመለሰው የአክሱም ሐውልት የነበረበት ቦታ ነው። ሐውልቱ እዚያ አለመኖሩን ሳይ ደስ አለኝ።

የፈቃድ ደብዳቤህ ተተርጉሞ ሲመጣ ቀኑ ያለበትን መስመር ብቻ ፎቶ አንስተህ በውስጥ ላክልኝ። ማታ ከሥራ ስወጣ አየዋለሁ።