አንከር ቻርት ላሳትም ወይስ ራሴ ልሥራ ላልሽው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት። አንደኛ ክፍል አማርኛ እንደምታስተምሪ፣ ስልጠና ላይ «ለንባብና ለጽሕፈት አንከር ቻርት ተጠቀሙ» (ልጆቹ ሲጽፉና ሲያነቡ ቀና ብለው የሚያዩት፣ ክፍል ውስጥ የሚሰቀል ትልቅ ጽሑፍ ማለት ነው) እንደተባላችሁ፣ አሁን ማተሚያ ቤት ሄደሽ ባነር ልታሳትሚ እንደሆነ ጽፈሻል። ክፍልሽም እንደኛው በፈረቃ የሚሠራ፣ ልጆቹም አንድ ዴስክ ላይ ሦስት አራት ሆነው የሚቀመጡ ይመስለኛል። ስለዚህ የኔ ልምድ ይጠቅምሻል።

ገንዘብሽን ያዢ። ባነር አታሳትሚ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

1. ቻርቱ ልጆቹ ፊት ይሠራ። ቤት ሠርተሽ፣ አሳምረሽ ይዘሽ አትምጪ። ልጅ ሲሠራ ያላየውን ነገር ቀና ብሎ አያየውም።

ካዕብን፣ የፊደሉን ሁለተኛ ቅርጽ፣ ሳስተምር የማደርገውን ልንገርሽ። ለ፣ ሰ፣ በ፣ ከ ብዬ ወደ ታች እጽፋለሁ። ከጎናቸው ሉ፣ ሱ፣ ቡ፣ ኩ። ከዚያ «ምን ተለወጠ?» ብዬ ዝም እላለሁ። መጀመሪያ ይንጫጫሉ። ቆይቶ አንዱ «ቲቸር፣ እጅ አወጣ!» አለ። ትክክል ነው፣ በቀኝ ጎኑ መሃል ላይ ትንሽ ሰረዝ ተጨምሯል። እኔም «እጅ አወጣ» ብዬ በትልቁ ጻፍኩት። ሣልስ (ሦስተኛው) ላይ ሰረዙ ወደ እግሩ ሲወርድ፣ ሊ፣ ሲ፣ ቢ ስንል፣ «ጫማ አደረገ» አሉ። ሐምስ (አምስተኛው) ላይ ያው ጫማ ክብ ሆነ፣ ሌ፣ ሴ፣ ቤ። «ቀለበት» ብለው ሰየሙት። ሩ እና ፉ ላይ ሲደርሱ ግን ተከራከሩኝ። «እነዚህ እጅ የላቸውም» አሉ። እውነታቸውን ነው። ቻርቱ ጥግ ላይ ሳጥን ሠርተን «እምቢ ያሉ» ብለን ሁለቱን አስገባናቸው። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሩ እና ፉን የሚረሳ ልጅ አልነበረም።

ሳድስ (ስድስተኛው) ላይ እንዲህ ዓይነት ሕግ አትፈልጊ። ል፣ ስ፣ ት፣ ን፣ ር እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ነው የሚለወጠው። ለሱ ከቃል ጋር ሌላ ቻርት ይበቃል። ልጅ፣ ስም፣ ትል፣ ንብ፣ ርግብ። ሁሉም በሳድስ ብቻ የተጻፉ ስለሆኑ ዓይናቸው ቶሎ ይለምዳል።

ከዚህ ሥራ በኋላ ያየሁትን አልረሳውም። አንዲት ልጅ ስለ ቤቷ እየጻፈች «ቤቴ» የሚለው ላይ ቆመች። በ ብላ ጽፋለች። ቀና ብላ ቻርቱን አየች። በጣቷ አየር ላይ ክብ ሠራች። ጎንበስ አለችና ቀለበቷን ከእግሩ ሥር አደረገች። ቀጥላ ተ ላይም እንደዚያው። እኔን አልጠየቀችም፣ የጓደኛዋንም ደብተር አላየችም። ቻርት የሚሠራው ለዚህች ደቂቃ ነው።

2. ፊደል ገበታን ከቻርት ጋር አታምታቺ። ፊደል ገበታው 33ቱን ፊደላት ከነሰባት ቅርጻቸው፣ 231 አድርጎ ይደረድራል። ይኑርሽ፣ አስፈላጊ ነው። ግን እሱ ሁሉንም ነገር በአንዴ ስለሚያሳይ ልጁ የቸገረውን አንዱን ነገር አያገኝበትም። ቻርት አንድ ነገር ብቻ ነው የሚይዘው። ዛሬ ካዕብ ከሆነ ካዕብ ብቻ።

ደግሞ ገበታውን እያዜሙ መውረድ ማንበብ አይደለም። ሀ ሁ ሂ ሃን እንደ ዘፈን የሚወርደው ልጅ መሃል ላይ «ይሄ ማነው?» ስትዪው ከሀ ጀምሮ ካልቆጠረ አይነግርሽም። የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ድሮ ያውቁታል። ሀሁን የዘለቀውን ልጅ ወደ አቡጊዳ የሚያሻግሩት ቅደም ተከተሉን በትነው ፊደሉን በመልኩ እንዲለየው ነው። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች በተደረገው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። እነዚያ ልጆች ሁሉ ሀሁን አያዜሙም ነበር ማለት ይከብደኛል።

3. ማቴሪያል። ወረቀት በፈረቃ ክፍል ውስጥ አይበረክትም። ነጭ ማዳበሪያ ፈልጊ፣ የእህል ከረጢቱን ማለቴ ነው። እጠቢው፣ ስፌቱን ፍቺና ዘርጊው፣ ጫፉና ጫፉ ላይ ቀጭን እንጨት ስፊበት። በፓርከር ይጻፍበታል፣ አይቀደድም፣ ተጠቅልሎ ስቶር ይገባል።

እዚህ ላይ ነው እኛን ያቃጠለን ነገር የመጣው። ሱፐርቪዥን መጣ። ቼክሊስታቸው ላይ «የትምህርት መርጃ መሣሪያ፦ ብዛት፣ ማራኪነት» የሚል አለ። የቡድኑ መሪ ክፍሌ ገባ። ልጆቹ ተነሥተው ቆሙ። እሱ ቁጭ በሉ እንኳ አላላቸውም። የካዕቡን ቻርት በእስክሪብቶ ጫፍ መታ መታ አደረገና «ይሄ ማዳበሪያ ምንድን ነው? ክፍል ነው ወይስ መጋዘን?» አለኝ፣ እዚያው ልጆቼ ፊት። ልጆቹ በራሳቸው ቃል ያጻፉት እንደሆነ ላስረዳው ጀመርኩ። «እጅ አወጣ የሚባል ሰዋስው የለም» ብሎ ወጣ። አንድ ልጅ አስነሥቶ አንብብ ቢል ኖሮ እኮ መልሱን ያገኝ ነበር። አላለም። ብዛት ቆጠረ፣ ማራኪነት ላይ ዝቅተኛ ሞላ፣ ሄደ።

በግብረ መልሱ መሠረት ባነር ይታተም ተባለ። በጀት የለም፣ ስለዚህ መምህራን አዋጡ። ደመወዛችንን ታውቂዋለሽ። ባነሩ መጣ። ያብረቀርቃል፣ ባለ ብዙ ቀለም ነው፣ ዳር ዳሩን አበባና ቢራቢሮ። ፊደሎቹ ግን ከሦስተኛ ዴስክ ወዲያ አይታዩም። ከሰዓት ፀሐይ በመስኮት ሲገባ ደግሞ ጭራሽ ነጭ ብርሃን ብቻ ነው። የባሰው፣ በ«ከ» ረድፍ መጨረሻ ላይ ኮ መሆን ሲገባው ኰ ታትሟል። ማን ያርመዋል? በፓርከር ብትነኪው ንብረት አበላሸች ትባያለሽ። አንድም ልጅ ሲጽፍ ቀና ብሎ ወደ ባነሩ ሲያይ አላየሁም።

እኔ ማዳበሪያዬን አላወረድኩም። ባነሩን ኋላ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት፣ ማዳበሪያዎቹን ልጆቹ ፊት ለፊት። በኋላ ሌላ እንግዳ መጥቶ «ይህ ምንድን ነው?» ሲል እኔ አልመለስኩም። አንድ ልጅ ብድግ ብሎ እጁን፣ ጫማውን፣ ቀለበቱን እየነካ አስረዳው። «እምቢ ያሉ» ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አደረገ። ይህ ልጅ መስከረም ላይ ስሙን የማይጽፍ ነበር። ያን ቀን የተሰማኝን ኩራት ማንም ቼክሊስት አይወስድብኝም።

4. ጽሕፈቱ። ሁለተኛ መንፈቀ ዓመት ላይ ዓረፍተ ነገር ሲጀምሩ አንድ ችግር ታያለሽ። ልጆቹ ግሱ ሳይደርስ ይደክማቸዋል። «እኔ ትናንት ከእናቴ ጋር ገበያ» ብለው አራት ነጥብ ያደርጋሉ። ቋንቋችን ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ዋናው ነገር ይቀራል ማለት ነው። እኔ ቻርቱ ላይ «ማን? መቼ? የት? ምን አደረገ?» ብዬ በቅደም ተከተል እጽፋለሁ። የመጨረሻዋ በሌላ ቀለም፣ ከሥሯ ትልቅ አራት ነጥብ። «ምን አደረገ» ሳይመለስ አራት ነጥብ የለም። የቃላት ክፍተትም እዚያው ይግባ፣ የእጅ ጣት ሥዕል ይበቃል። ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውን፣ እንደ ገና እና አለ ያለውን፣ ለሁለተኛ ክፍል ተይው።

ስለ ቀለም፣ ጥቁርና ሰማያዊ ተጠቀሚ። ቀይ ከኋላ አይነበብም፣ ለማስመር ብቻ ይሁን። ጽፈሽ ስትጨርሺ ሂጂና መጨረሻው ዴስክ ላይ ቁጭ በዪ። ካልታየሽ ደግመሽ ጻፊው።

ስለ ፈረቃው ደግሞ፣ ግድግዳ ላይ በፕላስተር አትለጥፊ። ከሰዓት የሚገቡት ትልልቆቹ ይቀዳድዱታል። ሁለት ሚስማር ምቺና ገመድ ወጥሪ፣ በልብስ መቆንጠጫ ስቀዪው፣ ደወል ሲደወል አውርደሽ ጠቅልዪው። ማውረዱን ለልጆች በተራ ስጪ፣ ይጣሉበታል። ከሦስት አራት በላይ በአንዴ አይሰቀል። ልጆቹ ሳያዩት መጻፍ የጀመሩትን ቻርት አንሺና በአዲስ ተኪው፤ የተነሣውን ግን አትጣዪው፣ ወደ ኋላ ለቀሩት ልጆች ማጠናከሪያ ላይ ያስፈልግሻል።

ርዕሰ መምህሩ ባነር ካላሳተምሽ ካለሽ፣ አንድ ሳምንት በማዳበሪያ አስተምሪና ልጆቹን እሱ ራሱ ያስነብባቸው። ማዳበሪያውን ከእህል ነጋዴ ጠይቂ፣ መምህርት ነኝ ስትዪ ብዙዎቹ ገንዘብ አይቀበሉም። የጭቃ ግድግዳ ከሆነና ሚስማር አልይዝ ካለሽ እዚሁ ጻፊልኝ፣ ለሱም የተጠቀምንበት መላ አለ።