ልኩን የሚጠብቅለት ማን ነው? በስደት ሠርተው ለሚያድሩ ወጣቶች

በቅርቡ ስለ ደም ግፊት እንዳስረዳ በተጠራሁበት የእድር ስብሰባ ላይ፣ የጭነት መኪና የሚነዳ አንድ ወጣት «ለመሆኑ ለሠራተኛ ሰው የመጠጥ ልኩ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የአሜሪካ መንግሥት የ2020–2025 የአመጋገብ መመሪያ ለወንድ በቀን ከሁለት መጠጥ እንዳይበልጥ ይመክር እንደ ነበር፣ አንድ መጠጥ የሚባለውም 355 ሚሊ ሊትር ቢራ ወይም 44 ሚሊ ሊትር ውስኪ እንደሆነ ነገርሁት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ለጤና አስተማማኝ የሚባል መጠን እንደሌለ ማስታወቁንም ጨመርሁለት። ይሁን እንጂ ከነርስነት ዘመኔ ይልቅ በፓርኪንግ ሠራተኛነት ያሳለፍሁት ጊዜ የተሻለ መልስ እንደነበረው የታወሰኝ ወደ ቤቴ ስመለስ ነው።

በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ዋሽንግተን መሀል ከተማ በመኪና ማቆሚያዎች የምንሠራ ጓደኛሞች አንድ አፓርታማ ተከራይተን እንኖር ነበር። ዓርብ ማታ አዳምስ ሞርጋን በሚባለው ሰፈር፣ 18ኛው መንገድ ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ እንገናኛለን። ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጠንና ጋሼ የምንለው ሰው፣ ሁለተኛውን ቢራ ሲጨርስ መዳፉን በብርጭቆው አፍ ላይ ያሳርፍና «ጠዋት ጋራዡን የምከፍተው እኔ ነኝ» ይላል። ሁላችንም ጠባዩ ነው ብለን እናደንቀው ነበር።

ኋላ የሌሊት ገንዘብ ተቀባይ ሆኖ ተመደበ፤ የባለቤቱ የቪዛ ጉዳይ ተጓተተ፤ አገር ቤት ያሉት እናቱም ታመው የመድኃኒቱ ወጪ በእርሱ ላይ ወደቀ። በእኛ ዘንድ ሒሳብ በተራ የሚከፈል ስለ ነበር፣ ተራው ሲደርስ እጅ ያጠረው ሰው ሁልጊዜ ተጋባዥ ሆኖ መቀመጥን ጠላና መምጣቱን ተወ፤ ርካሽ ክፍል አግኝቶም ለብቻው ወጣ። እኛ ኮራብን አልን። አንድ እሑድ ልጠይቀው ብሄድ፣ ከምድጃው አጠገብ እጀታ ያለው ባለ 1.75 ሊትር የውስኪ ጠርሙስ ቆሟል። በምግብ ቤት ልክ ቢቀዳ አርባ ያህል መጠጥ ይወጣዋል፤ እርሱ ግን ቀን እንቅልፍ እንዲወስደው መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዶ፣ በባዶ ሆዱ፣ በውኃ ብርጭቆ ይቀዳ ነበር። «ይኼ ይረክሳል» አለኝ። ታላቄ ስለ ነበር መናገሩ ነውር መሰለኝና ዝም ብዬ ተነሣሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ብዙም ሳይቆይ ጠጥቶ ሲነዳ ተይዞ መንጃ ፈቃዱን ተነጠቀ። ባለቤቱ በመጨረሻ ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ስትደርስ በእኔ መኪና ወስጄው ተቀበልናት፤ የራሱ መኪና የት እንዳለች ስትጠይቀው «ጋራዥ ገብታለች» አላት።

ያን ሁሉ ዓርብ ልኩን የጠበቀለት ጠባዩ ብቻ አልነበረም። የማለዳ ሥራው፣ የቀረበው ጥብስ፣ ተለክቶ የሚቀዳው ውድ መጠጥ፣ አጠገቡ ለስላሳ ይዘው የሚያመሹት ሙስሊም ጓደኞቻችን፣ ሃምሳ አምስቱን ቀን መጠጥ የማንቀምስበት ሁዳዴ፣ ሁሉም በየፊናቸው ያግዙት ነበር። እዚህ ላይ ግን ራሴን መቃወም ሊኖርብኝ ነው፤ ያው ማዕድ «በሞቴ አንድ ድገም» የሚባልበትም ነበርና። አምስት ሰው በተራ ሲጋብዝ አምስት ዙር ይሆናል፤ በሁለት ቢራ የሚረካ ሰው በይሉኝታ አምስት ጠጥቶ ይነሣል።

እናንተ ጠርሙስ አስከፍታችሁ ፎቶ ስትነሡ ሳይ ደስ አይለኝም፤ ያም ሆኖ «አልፈልግም» ማለትን እኛ ካወቅነው በላይ ታውቁበታላችሁ። ከባድ መኪና የምትነዱ፣ በብዙው ግዛት ለሌላው ሹፌር 0.08 በመቶ የሆነው በደም ውስጥ ያለ የአልኮል ወሰን ለእናንተ 0.04 መሆኑን፣ ጉበትም አንዱን መጠጥ ለማስወገድ አንድ ሰዓት ያህል እንደሚወስድበትና ቡና እንደማያፋጥነው ያዙልኝ። ሒሳብ ደግሞ እያንዳንዱ የራሱን ይክፈል፤ ገንዘቡን ለእናቱ የላከው ልጅ በአንድ ሻይ ተቀምጦ እንዲያመሽ። ከማዕዱ የቀረውን ሰው በስልክ ሳይሆን ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ ጠይቁት፤ ታላቃችሁ ሆኖ ለመናገር ካፈራችሁ እኩያውን ላኩበት።