ባዝን በአንድ ቀን፦ ለእህታችን ጥያቄ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ከአራት ዓመት በፊት እኔ ራሴ የጠየቅኩት መሰለኝ። ለንደን ማስተርስሽን እየተማርሽ ነው፣ ከፈተና በፊት ያለሽ አንድ ቅዳሜ ብቻ ነው፣ የያዝሽው 60 ፓውንድ ነው፣ ጥንታዊዎቹን የስቶንሄንጅ ድንጋዮችና የባዝን ከተማ በአንድ ቀን በሚያስጎበኘው አውቶቡስ ልሂድ ወይስ ብቻዬን በባቡር ነው ያልሽው። በባቡር ሂጂ። ያውም ባዝ ብቻ።

በእንዲያ ያለ አውቶቡስ ሄጄ አይቼዋለሁ። ባዝ ላይ የሰጡን ጊዜ ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም። የሮማውያኑን መታጠቢያ በሩጫ አየን፣ ፎቶ ተነሣን፣ ተሳፈሩ ተባልን። ጃንሆይ በስደት የኖሩበት ቤት እዚያው ከተማ ውስጥ መሆኑን ያወቅኩት ማታ ቤቴ ገብቼ ነው። እንዴት እንደቆጨኝ! በዓመቱ ተመልሼ ሄድኩ።

ስለዚህ ዕቅድሽን ስታወጪ ከዚያ ቤት ጀምሪ። ስሙ ፌርፊልድ ሃውስ ነው። በየቀኑ ለጎብኚ ክፍት አይደለም፤ በሥራ ቀን አረጋውያን ይውሉበታል። መቼ እንደሚከፈት ድረ ገጻቸው ላይ አይተሽ አረጋግጪ። ቅዳሜሽ ካልገጠመ ጉዞውን ከፈተናው በኋላ አድርጊው እንጂ ቤቱን አትተዪው። ትኬት የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው።

ለንደን ካለው ከፓዲንግተን ጣቢያ እስከ ባዝ ስፓ ጣቢያ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የባቡር ቅናሽ ካርድ ከሌለሽ አውጪ፤ ከትኬቱ ዋጋ ሲሶውን ይቀንስልሻል። ዕድሜሽ ከ25 ቢያልፍም የሙሉ ጊዜ ተማሪ እስከሆንሽ ድረስ ይሰጡሻል። ሁለት ሦስት ሳምንት ቀደም ብለሽ ከቆረጥሽ፣ የካርዱን ክፍያ ሳይጨምር፣ 60 ፓውንዱ ይበቃሻል ብዬ አምናለሁ። ከቪክቶሪያ የሚነሣው አውቶቡስ ይረክሳል፣ ግን ወደ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ያለሽ አንድ ቀን ነውና አልመክርሽም።

በእኛ አቆጣጠር ጧት 4 ሰዓት ሳይሞላ ድረሺና ቀጥታ ወደ መታጠቢያው ሂጂ፤ ከጣቢያው በእግር ሰባት ስምንት ደቂቃ ነው። መግቢያው ቅዳሜና እሁድ ይወደዳል፣ ለተማሪ ግን ቅናሽ አለው፤ መታወቂያሽን እንዳትረሺ። ውሃው ከመሬት ሲወጣ 46 ዲግሪ ነው፤ በቀን ከአንድ ሚሊዮን ሊትር በላይ ይፈልቃል። በብርድ ጧት እንፋሎቱ ከአረንጓዴው ውሃ ላይ ሲነሣ ሳይ ፍልውሃ ትዝ አለኝ። እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ ወደ ሜዳው ያወረዳቸውም ፍል ውሃ ነበር፤ አዲስ አበባ በዚያ ምክንያት ነው የተቆረቆረችው። እጅ መንከር ግን ክልክል ነው፤ ገንዳው ሮማውያን ባነጠፉት የእርሳስ ብረት እንደተለበጠ ነው ያለው።

ውስጥ ስትገቢ ትንንሾቹን የእርሳስ ቅጠሎች ሳታዪ አትለፊ። የተሰረቀ ሰው አቤቱታውን እርሳስ ላይ ይጭርና ጠቅልሎ ለሱሊስ ሚነርቫ፣ ለምንጩ አምላክ፣ ውሃው ውስጥ ይጥለው ነበር። ዶኪሜዲስ የሚባል ሰው ሁለት ጓንት ጠፍቶበት፣ የሰረቀው አእምሮውንና ዓይኑን እንዲያጣ ይለምናል። ዶሮዋን ተሰርቃ ለታቦት የምትናገር የሰፈራችን እናት ፊቴ ድቅን አለችብኝ። እዚያ መስታወት ፊት ብዙ ቆሜያለሁ።

ካቴድራል የሚመስለው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን አጠገቡ ነው። ጊዜ ከሌለሽ ውስጡን ተዪው፣ የፊት ለፊቱን ግድግዳ ግን ቀና ብለሽ እዪ። በግራና በቀኝ የድንጋይ መሰላል ተቀርጿል፤ መላእክቱ ይወጡበታል፣ አንዳንዶቹም በአፍጢማቸው ይወርዱበታል፤ ልክ የያዕቆብ መሰላል። ከዚያ ሽቅብ ወደ ሮያል ክረሰንት ውጪ። ከ1767 እስከ 1774 እ.ኤ.አ. የተሠሩ 30 ቤቶች እንደ ግማሽ ጨረቃ ተያይዘው ቆመዋል፤ ድንጋያቸው የማር ቀለም ነው። ምሳሽን ቋጥረሽ ሂጂና ከታች ሣሩ ላይ ቁጭ ብለሽ ብዪ፤ ምግብ ቤቶቹ ኪስ ይጎዳሉ፣ ጾም ከሆነ ደግሞ አማራጩም ያንሳል። ዳገት ስለሚበዛ ምቹ ጫማ አድርጊ።

ከዚያ በመናፈሻው በኩል ወደ ምዕራብ፣ ኒውብሪጅ ወደሚባለው ሰፈር ተራመጂ። አርባ ደቂቃ ያህል ነው። ቤቱ ኬልስተን ሮድ ላይ ነው፤ ጃንሆይ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ አቤት ካሉ በኋላ በዚያው ክረምት ወደ ባዝ መጥተው የገዙት ነው። እስከ 1932 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ድረስ ቆዩበት። የሕይወት ታሪካቸውን የመጀመሪያ ክፍል ያጻፉት በዚያ የስደት ዘመን ነው። ገንዘብ አጥሯቸው የብር ዕቃቸውን እስከ መሸጥ ደርሰዋል። እቴጌ መነን ብርዱን አልቻሉትም፤ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ። ልዕልት ፀሐይ ለንደን የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው ነርስነት ተማሩ። ጃንሆይ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በ1958 እ.ኤ.አ. ቤቱን ለባዝ ከተማ ለአረጋውያን ብለው ሰጡ።

እኔ የሄድኩ ዕለት አንዲት ጃማይካዊት አሮጊት በር ላይ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ከኢትዮጵያ ስላቸው እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ዝም አሉ፤ ከዚያ ሻይ ቀዱልኝ። ግድግዳው ላይ ያለውን የንጉሣዊ ቤተሰብ ፎቶ እያየሁ፣ ካፖርት ለብሰው ያንን አትክልት ቦታ ሲዞሩና ከአገር ቤት ወሬ ሲጠብቁ አሰብኳቸው። እኔም ያኔ የቤተሰብ ስልክ የምጠብቅበት ጊዜ ነበርና እንባዬ መጣ። ያንቺም ጥናት ከአገር ናፍቆት ጋር እንደሆነ ጽፈሻል፤ ለዚህ ነው ቤቱን ያስቀደምኩልሽ።

አንድ የከሰርኩበትን ነገር ልንገርሽ። ርካሹ ትኬት በተጻፈበት ባቡር ብቻ ነው የሚሠራው። የእኔ መመለሻ ከቀኑ 10 ሰዓት ነበር፤ እዚያ ቤት ተቀምጬ አለፈኝና አዲስ ትኬት በሙሉ ዋጋ ገዛሁ። ያንቺን ከምሽቱ 1 ሰዓት ወዲያ አድርጊው፤ ከቤቱ እስከ ጣቢያው ለመመለሻ መንገዱም አንድ ሰዓት ያዢለት።