ለአሮጊቷ መኪና የቱ ጎማ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ? 20 ዓመት ያለፋት ትንሽ የቤት መኪና አለችኝ። የጎማዋ ቁጥር 175/70 አር 13 ነው። አራቱም አርጅተዋል፣ የፊቶቹማ ራሰ በራ ሆነዋል። ጎማ ሻጩ «185 ብታደርጊላት መንገድ ትይዝልሻለች» ይለኛል። ወንድሜ ደግሞ «ለዚች አሮጊት አራት አዲስ ጎማ ምን ያደርግላታል? ሁለት ግዢና ፊት እሰሪ፣ ለኋላ ያገለገለ ይበቃል» ባይ ነው። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ሁለቱንም ተያቸው። መጀመሪያ የሹፌሩን በር ክፈቺና የበሩ ምሰሶ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ፈልጊ። ፋብሪካው ያዘዘው የጎማ ቁጥርና የነፋስ ልክ እዚያ ላይ አለ። ተልጦ ከሆነ የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ ላይ ታገኚዋለሽ። አሁን ያሰርሽውን ብቻ አትመኚ፤ አሮጌ መኪና በብዙ እጅ ያለፈች ናትና ከባለቤቶቿ አንዱ በገዛ ፈቃዱ ቀይሮት ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ሻጩ። 175 የጎማው ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር። 70 ማለት የጎኑ ቁመት የስፋቱ 70 በመቶ ነው ማለት ነው፣ 13 ደግሞ የቸርኬው ልክ በኢንች። እንግዲህ 185/70 ስታስገቢ ስፋቱ ብቻ አይደለም የሚጨምረው፣ ቁመቱም አብሮ ያድጋል፤ ጎማው በጠቅላላው 14 ሚሊሜትር ይረዝማል። ፍጥነት መቁጠሪያሽ ከምትሄጂበት አሳንሶ ይነግርሻል፣ መሪው ይከብዳል፣ መሪውን ሙሉ ስትጠመዝዢ ደግሞ ጎማው ፓራፋንጎውን ሊነካ ይችላል። ይሄ ሁሉ ለ10 ሚሊሜትር! ወረቀቱ ያለውን ግዢ። ከቁጥሩ ቀጥሎ 82ቲ (82T) ዓይነት ጽሑፍ ታያለሽ፤ 82 አንዱ ጎማ 475 ኪሎ ይሸከማል ማለት ሲሆን፣ ቲ ደግሞ እስከ 190 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይችላል ማለት ነው። ይሄ የጭነትና የፍጥነት ልክ ከታዘዘው ከፍ ቢል ችግር የለውም፣ ዝቅ ግን አታድርጊ።

ወንድምሽ ያለው ነገር ግን ያሳስበኛል። ብዙ ሰው እንደሱ ነው የሚያስበው፣ ሞተሩ የሚያሽከረክረው የፊቱን እግር ስለሆነ አዲሱ ለፊት ይገባዋል ይላል። ተቃራኒው ነው ትክክሉ። ዝናብ ላይ ጥርሱ ያለቀ ጎማ ውሃውን ገፍቶ ማውጣት ያቅተውና ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ፊቱ ሲንሸራተት እግርሽን ከነዳጅ ላይ ስታነሺ ብዙ ጊዜ መልሶ ይይዛል፣ ኋላው ከለቀቀ ግን መኪናዋ ዞራ ወደ መጣሽበት አቅጣጫ ልታይ ትችላለች። ስለዚህ ገንዘቡ ለሁለት ብቻ ከበቃ አዲሶቹ ኋላ ይታሰሩ፣ ካሉት ደህና ደህናዎቹ ወደ ፊት ይምጡ። ያንቺዎቹ የፊት ጎማዎች ግን ራሰ በራ ናቸው ካልሽ የሚድን የለም፣ ይጣሉ።

ያገለገለ ጎማስ? እኔም አንዴ ተሸውጃለሁ። ጥርሱ ገና ሙሉ ነው፣ ዋጋውም ረከሰ ብዬ ደስ እያለኝ ገዛሁ። ጎሚስታው ጎኑን በአውራ ጣቱ ጫን ሲያደርገው እንደ ደረቀ ጭቃ ስንጥቅጥቅ ብሎ ታየኝ፤ ቀኑን ስናነብ 11 ዓመቱ! ጎማ ቆሞም ያረጃል፣ ላስቲኩ ይደርቃል። ብዙ የመኪና ፋብሪካዎች ከ6 ዓመት በኋላ ቀይሩ ይላሉ፣ ጥርሱ ቢኖርም 10 ዓመት የሞላውን ደግሞ ማንም አይመክርሽም። ጎኑ ላይ ዲኦቲ (DOT) ከሚሉት ፊደላት ጀምረሽ ስትከተይ መጨረሻው ላይ አራት አሃዝ ታገኛለሽ። 2319 ካለ በፈረንጅ 2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። በአንደኛው ጎን ካጣሽው ሌላውን ጎን አገላብጪ። አዲስ ተብሎ የሚሸጠውንም እንዲሁ እይ፣ መጋዘን ውስጥ ዓመታት የከረመ አለና። ለእኔ ስመ ጥር ሆኖ ከከረመው ይልቅ መካከለኛ ስም ያለው ትኩሱ ይሻለኛል።

ጎሚስታው አሮጌዎቹን አውልቆ ሳይወረውራቸው ደግሞ እይያቸው። ሁለቱ ዳር አልቆ መሃሉ ከቀረ ነፋስ ሲያንሰው ኖሯል፣ መሃሉ ብቻ ካለቀ በዝቶበታል። አንድ ዳር ብቻ ከተበላ አላይመንቱን፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫና አቋቋም ሳታስተካክዪ አዲስ አትሰሪ፣ እሱንም ይበላዋል።

ጥያቄ፦ አዲስ ጎማ ካሰርኩ ወዲህ ከ80 በላይ ስሄድ መሪው ይንቀጠቀጣል። ጎማው ነው ችግሩ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ባላንሱን፣ ማለትም የጎማውን የክብደት ሚዛን አስለካ። ተሠርቶልህም ቢሆን ቸርኬው ላይ የምትለጠፈው ትንሽ ክብደት ወድቃ ሊሆን ይችላል። ካልተሻለው የፊቱን ጎማዎች ወደ ኋላ አዙርና ንዳ። መንቀጥቀጡ ከመሪው ወደ መቀመጫህ ከተዛወረ ጎማው ወይም ቸርኬው ነው። እዚያው መሪው ላይ ከቀረ የፊት እግሩን አስፈትሽ።