ቁልፉ ውስጥ፣ እኔ ውጭ፦ ከጅማ ሹፌሮች ጋር ጥያቄና መልስ

ሥራዬ ቁልፍ መቅረጽና የመኪና ኤሌክትሪክ ነው። ጅማ ውስጥ ስሠራ 17 ዓመት ሆነኝ። ክረምት ሲገባ ስልኬ አያርፍም። ዝናብ ሲጥል ሰው ከመኪናው የሚወርደው እየሮጠ ነው። ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ይወርድና በሩን ዘግቶ ይሄዳል። ቁልፉ ውስጥ መቅረቱን የሚያውቀው ሲመለስ ነው። ሰሞኑን "ጠይቁኝ" ብዬ ነበር፣ ጥያቄው ጎረፈ። ስም አልጻፍኩም፣ ሰፈርና ሥራ ብቻ።

ጥያቄ (እናት፣ ቆጪ)፦ ልጄ 2 ዓመቷ ነው። ከኋላ ወንበር አስሬያት፣ ቁልፉን ፊት ወንበር ላይ ጥዬ በሩን ስዘጋ መኪናው ራሱን ቆለፈ። ሰው ተሰብስቦ በሽቦ ከፈተልኝ። 20 ደቂቃ ፈጀ። ያደረግነው ትክክል ነበር?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ልጅሽ በደህና ወጣችልሽ። ጥያቄሽን ሆን ብዬ ነው ያስቀደምኩት። በሽቦ መሞከራችሁ አይከፋም። 20 ደቂቃው ግን በዝቷል። ጅማ በረሃ ስላልሆነች "ምን ይሆናል" እንላለን። ውጭው 22 ዲግሪ ብቻ በሆነበት ፀሐያማ ቀን እንኳ የተዘጋ መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። አብዛኛው ሙቀት የሚጨምረው ደግሞ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። የሕፃን ሰውነት ከአዋቂ ይልቅ ከ3 እስከ 5 እጥፍ ፈጥኖ ይግላል። መስኮቱን ጣት በምታህል ከፍቶ መተውም ብዙ አይረዳም።

ልጅ ውስጥ ሲኖር ሥራ ተከፋፈሉ። አንዱ ለፖሊስና ለቁልፍ ሠሪ ይደውል። አንዱ ዓይኑን ከልጁ ላይ አይንቀል። መኪናው ጥላ ውስጥ ሆኖ ልጁ እየተጫወተ ከሆነ ጥቂት ደቂቃ መሞከር ይቻላል። ፊቱ ከቀላ፣ ካላበው፣ ከፈዘዘ ወይም መኪናው ፀሐይ ላይ ከሆነ ግን መስታወቱ ይሰበር። ስለ ዋጋው ማሰብ በኋላ ነው።

የሚሰበረው ከልጁ በጣም የራቀው የጎን መስታወት ነው። የፊቱን አትንኩ። መሃሉ ላይ እንደ ላስቲክ ያለ ንጣፍ ስላለው ይሰነጠቃል እንጂ አይወድቅም። የጎኑ መስታወት ግን እንደ ድፍን ጨው ነው የሚበተነው። መሃሉን ሳይሆን ማዕዘኑ አካባቢ፣ በጎማ መፍቻ ጫፍ ምቱት። እጅ በጋቢ ወይም በጃኬት ይጠቅለል፣ ፊት ይዙር። "ትንሿ ትረክሳለች" ብሎ ሦስት ማዕዘኗን መስታወት የሚመታ አለ። አትረክስም፣ ብዙ ጊዜ ከትልቁ ይልቅ እሷን ማግኘት ይከብዳል።

ልጅሽ ትንሽ ስታድግ ደግሞ በር ከውስጥ መክፈት አለማምጃት። የኋላው በር የልጅ መቆለፊያው ከተደረገ ከውስጥ አይከፈትም። ስለዚህ ወደ ፊት ወንበር ተሻግራ እንድትከፍት አድርገሽ አስተምሪያት።

ጥያቄ (ወጣት፣ ፈረንጅ አራዳ)፦ ቪትዝ ነው የምነዳው። በቀደም ሞተሩ እየሠራ ተቆለፈብኝ። ጓደኞቼ በካቻቢቴና በሽቦ ከፈቱልኝ። አሁን ግን ሲዘንብ ውሃ ያስገባል፣ ስነዳም ነፋስ ያፏጫል። ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የበሩ የላይኛው ጫፍ ታጥፏል፣ በበሩ ዙሪያ ያለው ጎማም ሳይቀደድ አይቀርም። ባለፈው ክረምት አንድ ሐሙስ፣ የገበያ ቀን፣ ሂርማታ ገበያ ዳር ተጠርቼ ሄድኩ። ነጭ ቪትዝ ናት። ዝናቡ ዶፍ ነው። አራት ሰው በሩን ከቦታል። ካቻቢቴ በበሩና በጣራው መሃል ተሰክቷል። ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ይታያል። የበሩ ጎማ ተቀዶ ተንጠልጥሏል። ባለቤቷ ዣንጥላ ይዛ ቆማለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እኔ ከጀመርኩ በኋላ 4 ደቂቃ አልፈጀብኝም። በሩን ለማቃናት፣ ለቀለምና ለጎማ ያወጣችው ግን ለእኔ ከከፈለችኝ ብዙ እጥፍ ሆነ። ያን ቀን ከልቤ አዘንኩ፣ ሁሉም ሊረዷት ብለው ነበርና።

እኛ የምንሠራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሁሉንም በርና የኋላውን መክፈቻ እንሞክራለን። ስንት ጊዜ አንዱ በር ክፍት ሆኖ አግኝቻለሁ መሰለህ! ከዚያ ለስላሳ የፕላስቲክ ሽብልቅ በበሩ ጫፍ እናስገባለን። ቀጥሎ የአየር ከረጢት ይገባል። የደም ግፊት መለኪያውን ከረጢት ይመስላል፣ በእጅ ይነፋል። በሩ ሳይታጠፍ የጣት ያህል ይከፈታል። በዚያ ክፍተት ጫፉ በላስቲክ የተሸፈነ ረጅም ዘንግ አስገብተን መቆለፊያውን እንጎትታለን ወይም እንጫናለን።

በመስታወቱና በበሩ መካከል ጠፍጣፋ ብረት መላክ ግን በዛሬዎቹ መኪኖች አይመከርም። በሩ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ። አንዳንዱ የጎን ኤርባግ መሣሪያም አለው።

ሞተሩ እየሠራ መሆኑ አያስደንግጥህ። ቆሞ የሚሠራ ቪትዝ በሰዓት አንድ ሊትር የሚሞላ ነዳጅ አይበላም። መጨነቅ ያለብህ መኪናው ዝግ ጋራዥ ውስጥ ከሆነ ነው። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ይገድላል። በሩን ወለል አድርገህ ከፍተህ ሰው ከዚያ አውጣ። ደረቅ ሣር ላይ የቆመ እንደሆነም ከሥሩ ያለውን አንሳ፣ የጭስ ማውጫው በጣም ይግላል።

ጥያቄ (የኮሮላ ዲኤክስ ሹፌር፣ አጂፕ)፦ እኔ ላይ በየወሩ ነው የሚደርሰው። መኪናው ነው ወይስ እኔ?

መልስ፦ ጋሼ፣ የመኪናው አሠራር ነው። ዲኤክስ ያለ ቁልፍ ይቆለፋል። መቆለፊያውን ወደ ታች ተጭነው እጀታውን እንደያዙ ሲዘጉት አለቀ። እጅ ይለምደዋል፣ አእምሮ አይጠየቅም። ከዛሬ ጀምሮ የሹፌሩን በር ከውጭ በቁልፍ ብቻ ይቆልፉ። በዚያ መንገድ ቁልፉ ውስጥ ሆኖ በሩ ሊቆለፍ አይችልም። ሁለት ሳምንት ይከብድዎታል፣ ከዚያ እጅዎ ይለምዳል። የዲኤክስ ቁልፍ ቺፕ (መኪናው ቁልፉን የሚለይበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ዕቃ) ስለሌለው ትርፍ ማስቀረጽ ቀላል ነው። ሁለት ያስቀርጹ። ሲያስቀርጹ ግን ባልተበላው ቁልፍ ይሁን። ከተበላ ቁልፍ የተቀዳ ቁልፍ ጥፋቱንም ይዞ ይመጣል።

ጥያቄ (መምህርት፣ ጂረን)፦ የኔ መኪና ቁልፍ ቺፕ አለው። ሁለተኛ ለማሠራት የተጠየቅኩት ዋጋ ከአቅሜ በላይ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ልብ ብለሽ አንብቢው። ቺፑ የሚያስፈልገው ሞተር ለማስነሳት ነው። በር ለመክፈት አያስፈልግም። በርሽ የቁልፍ ቀዳዳ ካለው ያለ ቺፕ ተራ የብረት ኮፒ አስቀርጪ። ሞተር አያስነሳም፣ በሩን ግን ይከፍታል። ከፍተሽ ዋናውን ቁልፍ ታነሺያለሽ። ዋጋው ከቺፕ ቁልፍ ጋር አይወዳደርም። ቦርሳሽ ውስጥ አኑሪው፣ ወይም ለቤተሰብ ስጪ። መኪናው ውስጥ ብቻ አይሁን። በመግነጢስ ከሥሩ መደበቅም አልወድም። በእኛ ጭቃ ይወድቃል፣ ሌባም ቦታውን ያውቃል።

ሁለት ነገር አስታውሺ። በብረት ስትከፍቺ አላርሙ ሊጮህ ይችላል፣ በዋናው ቁልፍ ስታስነሺው ዝም ይላል። ቁልፍሽ ጎኑ ላይ እንደ ቦይ የተቆፈረ ዓይነት ከሆነ ደግሞ የሚቀርጸው ማሽን ሌላ ነው። ከመሄድሽ በፊት ደውለሽ ጠይቂ።

ጥያቄ (ነጋዴ፣ መርካቶ)፦ አሰላሙ አለይኩም። ሪሞቱ ኪሴ ውስጥ ነው፣ መኪናው ግን እምቢ አለ። የቁልፍ ቀዳዳም የለውም።

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም። ቀዳዳው አለ፣ ተሸፍኖ ነው። በብዙዎቹ መኪኖች በሹፌሩ በር እጀታ ጫፍ ላይ ትንሽ ክዳን አለች። ሪሞቱ ጎን ላይ ደግሞ የምትገፋ ትንሽ ነገር አለች። ስትገፋት የብረት ቁልፍ ይወጣል። በዚያ ክፈት። ከገባህ በኋላ ሪሞቱን በጣት የሚጫነው የሞተር ማስነሻ ላይ አስጠግተህ፣ ፍሬን ረግጠህ ማስነሻውን ተጫን። ባትሪው ቢሞትም ቺፑ በቅርብ ይነበባል። ከዚያ ባትሪውን ቀይር። ብዙ ጊዜ 3 ቮልት ጠፍጣፋ ናት። ቁጥሯን ከአሮጌዋ ላይ አንብብ፣ በዓይን ገምተህ አትግዛ፣ ውፍረታቸው ይለያያል።

ጥያቄ (የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት፣ ቦሳ ቂጦ)፦ ባትሪው 60 በመቶ እያለ በሩ አልከፈት አለ። እንዴት?

መልስ፦ ከ2016 ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለተከለከለ ይህ ጥያቄ በዝቷል። መኪናህ ሁለት ባትሪ አለው። ትልቁ የሚነዳህ ነው። በር፣ መብራትና ኮምፒውተሩን የሚያሠራው ግን እንደ ማንኛውም መኪና ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ ነው። ያቺ ከሞተች ትልቁ 100 ቢሆንም በሩ አይሰማህም። ሪሞቱ ውስጥ ያለውን የብረት ቁልፍ ተጠቀም። ከተከፈተ በኋላ 12 ቮልቱን በገመድ ማስነሳት ይቻላል፣ ነጥቡ የት እንደሆነ ግን በመኪናው መመሪያ እይ። ብርቱካናማ ገመድ ያለበትን አትንካ። እሱ ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው፣ ይገድላል።

ጥያቄ (ተማሪ፣ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ)፦ ቤት ያለ ሰው ሪሞቱን በስልክ ቢጫንልኝ ይከፈታል ይባላል። የተበሳ የቴኒስ ኳስ የቁልፉ ቀዳዳ ላይ ቢጨመቅ ይከፍታል የሚባለውስ?

መልስ፦ ሁለቱም አይሠሩም። ሪሞት የሚልከው የሬዲዮ ሞገድ ነው፣ ስልክ የሚያስተላልፈው ድምፅ ነው።

ጥያቄ (ሾፌር፣ ቦዬ)፦ ዝናብ እየመታኝ ቁልፍ ሠሪው "ሊብሬ አሳይ" አለኝ። ሊብሬው ውስጥ ነው! ይህ ምን ይሉታል?

መልስ፦ ንዴትህ ይገባኛል፣ ግን የጠየቀህን ሰው አመስግነው። ሳይጠይቅ የሚከፍት ሰው ነገ ያንተንም ለሌላ ይከፍታል። እኔ ሊብሬው ውስጥ ነው ከተባልኩ መታወቂያ ወይም መንጃ ፈቃድ አያለሁ። በአካባቢው የሚያውቀው ሰው ካለ እጠይቃለሁ። ስከፍት ደግሞ ቁልፉን ከማስረከቤ በፊት ሊብሬውን አብረን እናያለን። ስሙ ካልገጠመ ፖሊስ እጠራለሁ። አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁም። የሊብሬህን ፎቶ ስልክህ ላይ አስቀምጥ፣ ያግዝሃል።

ጥያቄ (ባለ አሮጌ ቶዮታ፣ ጊንጆ)፦ መኪናዬን ላቫጆ ከነቁልፉ ትቼ እሄዳለሁ። ያሰጋል?

መልስ፦ ቺፕ ለሌለው፣ አዎ። ቁልፍ ለመቅረጽ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። የመኪናውን ቁልፍ ለብቻው ስጥ፣ የቤትህን አብረህ አታንጠልጥል። የቁልፍህን ፎቶም የትም አትለጥፍ። ከጥሩ ፎቶ ቁልፍ ይቀረጻል።

ጥያቄ (ሐኪም)፦ ቁልፉ በር ላይ ተሰበረ። ግማሹ ውስጥ ቀረ።

መልስ፦ ዶክተር፣ ሌላ ቁልፍ አያስገቡበት፣ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ሙጫ ቀብቶ መሳብም አይሞከር፣ መቆለፊያውን ያጣሉ። ቀጭን የብረት መጋዝ ስለት አስገብተን ጥርሱን ይዘን እናወጣዋለን። ሁለቱን ቁራጮች አይጣሉ፣ ከእነሱ አዲስ ይቀረጻል። ሰበቡ ብዙ ጊዜ የደረቀ መቆለፊያ ነው። ዘይት አያድርጉበት፣ አቧራ ይሰበስባል። የመጻፊያ እርሳስ ብናኝ ይሻለዋል።

ጥያቄ (ሦስት ሰዎች በተለያየ ቃል)፦ ዋጋው ስንት ነው? ኢንሹራንስ ይከፍላል?

መልስ፦ ዋጋ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ተነጋገሩ። ማታና ከከተማ ውጭ ይጨምራል። በር መክፈትና ቁልፍ መሥራት ሁለት የተለያየ ሥራ ነው፣ የቱን እንደተስማማችሁ ግልጽ ይሁን። ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ የራሳችሁን መስታወት አይከፍልም። ሙሉ ካላችሁ ውላችሁን አንብቡ።

ጥያቄ (የቡና ነጋዴ)፦ ከአጋሮ ስመለስ መንገድ ላይ ተቆለፈብኝ። ማታ ነው። ትርፍ ቁልፉ አዲስ አበባ ነው። ምን ማድረግ ነበረብኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ራስህን ከአስፋልቱ አርቅ። ፍላሸር ማብራት ስለማትችል ከመኪናው ኋላ ራቅ አድርገህ ቅርንጫፍ ወይም ድንጋይ አስቀምጥ፣ ስትሄድም አንሳው። ከሰው ጋር ቁም፣ ሰው የሌለበት ቦታ ብቻህን አትጠብቅ። አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለሊቱን ጅማ አድረህ ትርፉን በማለዳ አውቶቡስ ከታመነ ሰው ጋር ብታስመጣው፣ ቺፕ ቁልፍ እንደ አዲስ ከማሠራት ብዙ ጊዜ ይረክሳል። መኪናው ግን የሚጠብቀው ሰው ይፈልጋል። ቁልፍ ሠሪ ለመጥራት ከወሰንክ ስትደውል የመኪናውን ሞዴልና ዓመት ንገረን፣ ቁልፉ የት እንደሚታይም ጨምር። ወንበር ላይ ነው? የኋላ መጫኛ ውስጥ? ይዘን የምንመጣው ዕቃ የሚለየው በእሱ ነው።