የጡት እብጠት፦ ናሙናው ይቅደም ወይስ ቀዶ ሕክምናው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ29 ዓመት ሴት ስሆን የምኖረው ደሴ ነው። ልጄን ጡት ካስጣልኩ ከጥቂት ወራት በኋላ ገላዬን ስታጠብ በቀኝ ጡቴ ላይ የማያመኝና ስነካው ሸሸት የሚል እብጠት አገኘሁ። አልትራሳውንድ ስታይ መጠኑ 2.6 ሳንቲ ሜትር መሆኑንና ፋይብሮአዴኖማ (ካንሰር ያልሆነ የጡት እብጠት) ሊሆን እንደሚችል፣ ነገር ግን በአንድ በኩል ጠርዙ ጥርት ብሎ ስላልታየ «ባይራድስ 4ኤ» መባሉን የሚገልጽ ወረቀት ተሰጠኝ። ያየኝ ሐኪም በመርፌ ናሙና ይወሰድ አለኝ፤ ሌላ ሐኪም ግን «ለምን ሁለት ጊዜ ትሰቃያለሽ? በአንዴ አውጥተን እንመርምረው» አለኝ። እናቴ ደግሞ «ብረት ከነካው ይሰራጫል» ብላ ጸበል ብቻ እንድጠመቅ ትለምነኛለች፤ የጎረቤታችን ልጅ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት በኋላ ዓመት ሳይሞላት ማረፏንም ታነሣብኛለች። የትኛውን ልምረጥ? ወደፊት ሌላ ልጅ ወልጄ ማጥባትም እፈልጋለሁ።

ስሜ እንዳይገለጽ የምሻ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በወረቀትዎ ላይ የሰፈረው «4ኤ» ምን ማለት እንደሆነ ማወቅዎ ለውሳኔው ይረዳዎታልና ከዚያ ልጀምር። የጡት ምስል አንባቢ ሐኪሞች ያዩትን በደረጃ ያስቀምጣሉ። ደረጃ 3 የተባለ እብጠት ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከ100 ከ2 ስለማይበልጥ አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት ወር በኋላ በድጋሚ እየታየ ይቆያል። 4ኤ ግን ይህ ዕድል ከ2 በላይ ሆኖ እስከ 10 የሚደርስበት ደረጃ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ይህ ደረጃ ከተሰጣቸው 100 ሴቶች ከ90 በላይ የሚሆኑት ካንሰር አይገኝባቸውም፤ ሆኖም በምስል ብቻ ተማምኖ ዝም ብሎ መጠበቅ አይገባም፣ ናሙና መወሰድ አለበት።

በእኔ እምነት መቅደም ያለበት መርፌው ነው። «በአንዴ ይውጣ» የሚለው ሐሳብ ድካም የሚቀንስ ስለሚመስል ብዙዎችን ይማርካል፤ ችግሩ ግን ለካንሰርና ካንሰር ላልሆነ እብጠት የሚደረገው ቀዶ ሕክምና አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። ፋይብሮአዴኖማ ከሆነ ሐኪሙ እብጠቱን ብቻ ፈልቅቆ ያወጣል። ካንሰር ከሆነ ግን በዙሪያው ካለው ጤነኛ ሥጋ ጋር መውጣት፣ የብብት ንፍፊቶችም አብረው መታየት አለባቸው፤ አንዳንድ ጊዜም ከቀዶ ሕክምናው በፊት መድኃኒት ተሰጥቶ እብጠቱ እንዲቀንስ ይደረጋል። ምንነቱ ሳይታወቅ የወጣ እብጠት በኋላ ካንሰር ሆኖ ሲገኝ፣ ሴትየዋ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል፤ መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን እብጠቱን እያዩ የመከታተል ዕድልም ያመልጣል። ካንሰር ካልሆነ ደግሞ፣ የእርስዎን ያህል መጠን ያለው ፋይብሮአዴኖማ ጨርሶ ላይወጣ ይችል ነበር።

በመርፌ ናሙና ይወሰድ ሲባል በየትኛው መርፌ እንደሆነ ይጠይቁ። በአገራችን በብዛት የሚሠራው ኤፍኤንኤ የሚባለው ነው፤ በቀጭን መርፌ ሕዋሳት ብቻ ይቀዳሉ፣ ዋጋው ይቀላል፣ ውጤቱም ቶሎ ይደርሳል። ኮር ባዮፕሲ ግን ቦታው በማደንዘዣ ከደነዘዘ በኋላ በአልትራሳውንድ እየታየ የክር ቁራጭ የመሰሉ ጥቂት ሥጋዎች የሚወሰዱበት ነው፤ ታካሚዋ በዚያው ቀን ወደ ቤቷ ትሄዳለች፣ ለጥቂት ቀናት በልዞ ከመታየቱ በቀር አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ጣጣ የለውም። ካንሰሩ ከተነሣበት ቱቦ አልፎ ወደ አካባቢው ሥጋ መግባት አለመግባቱን የሚያሳየው፣ ፋይብሮአዴኖማን ፊሎደስ ከሚባለው ተመሳሳይ እብጠት ለመለየትም የተሻለው ኮር ባዮፕሲ ስለሆነ፣ የሚገኝ ከሆነ እርሱን ይምረጡ። የሚገኘው ኤፍኤንኤ ብቻ ከሆነ ግን አይተውት፤ ሐኪሙ በእጁ የዳሰሰው፣ አልትራሳውንዱ ያሳየውና የመርፌው ውጤት ሦስቱም ከተስማሙ ጥሩ ማረጋገጫ ነው። አንዱ እንኳ ካልተስማማ ወይም ናሙናው በቂ አይደለም ከተባለ፣ እዚያ ላይ ማቆም አይገባም።

የእናትዎን ፍርሃት በቀላሉ የማልፈው አይደለም፤ ይህን ቃል ያልሰማ ሐኪም ያለም አይመስለኝም። በመርፌው መንገድ ጥቂት ሕዋሳት ከቦታቸው ሊነቀነቁ እንደሚችሉ በማይክሮስኮፕ የታየ ነገር ነው፤ ይህ ግን የታካሚዎችን ዕድሜ ሲያሳጥር አልታየም። የጎረቤታችሁን ልጅ ሕመም በዝርዝር ሳላውቅ ልፈርድ አልችልም። ነገር ግን በአገራችን ከጡት ካንሰር ታማሚዎች አብዛኞቹ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ሕመሙ ሦስተኛና አራተኛ ደረጃ (ይህ የሕመሙ ስርጭት ደረጃ ነው እንጂ ከላይ ያልነው የምስል ደረጃ አይደለም) ከደረሰ በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ በሽታው ወደ አጥንት፣ ወደ ሳንባ ወይም ወደ ጉበት ቀድሞ ሄዶ ሊሆን ይችላል፤ ቤተሰብ ግን የሚያስታውሰው ከሞቱ በፊት የሆነውን ቀዶ ሕክምና ስለሆነ ጥፋቱ በብረቱ ላይ ይወድቃል። ጸበሉንና ጸሎቱን ሕክምናው አይከለክልም፤ እየተጠመቁም ናሙናው ሊወሰድ ይችላል። ቀን እንዳይገፋ ግን እለምንዎታለሁ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባስጀመረው የጡት ካንሰር እንቅስቃሴ፣ አንዲት ሴት ሐኪም ዘንድ ከቀረበች በ60 ቀናት ውስጥ የሕመሟ ምንነት እንዲታወቅ ግብ ተይዟል። ከቻሉ እናትዎን ይዘው ይሂዱና ሐኪሙ በቀጥታ ያስረዳቸው።

ናሙናው ካንሰር አይደለም ካለ በኋላም ማውጣት ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ አለ። እብጠቱ ከ3 ሳንቲ ሜትር ካለፈ፣ እያደገ ከመጣ፣ ፊሎደስ ከተጠረጠረ፣ የመርፌው ውጤት ከምስሉ ጋር ካልተጣጣመ፣ ወይም ጭንቀቱ እንቅልፍ ከነሳዎት ይውጣ። እኔ ሌላም እጨምራለሁ፦ ከሩቅ ወረዳ የመጣችና ከስድስት ወር በኋላ ለክትትል ተመልሳ መምጣት የማትችል ሴት ማውጣቱን ብትመርጥ ምርጫዋ ትክክል ነው እላለሁ። ሌላ ልጅ ስለሚያስቡ፣ ፋይብሮአዴኖማ በእርግዝና ጊዜ ሊያድግ እንደሚችልም ከሐኪሙ ጋር ይነጋገሩበት። ትንሽ እብጠት ማውጣት አብዛኛውን ጊዜ ማጥባትን አይከለክልም፤ ሆኖም በጡት ጫፍ ዙሪያ ሲቀደድ የወተት ቱቦዎች ሊቆረጡ ስለሚችሉ፣ ማጥባት እንደሚፈልጉ ቀድመው ይንገሩት።

ካንሰር አይደለም ተብሎ ሳይወጣ ከቀረ፣ በስድስት ወር ተመልሰው ይታዩ። እብጠቱ ካደገ፣ ቆዳው ከተሰረጎደ፣ የጡትዎ ጫፍ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ደም ከፈሰሰው፣ ወይም በብብትዎ እብጠት ካገኙ ግን ቀጠሮውን አይጠብቁ።

በኮር ባዮፕሲም ሆነ በቀዶ ሕክምና የተወሰደው ሥጋ ሳይመረመር እንዳይጣል አጥብቀው ይጠይቁ። በእኛ አገር ናሙናውን ወደ ፓቶሎጂ ላቦራቶሪ የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ ቤተሰብ ስለሆነ፣ በውሃ ወይም በአልኮል ሳይሆን በፎርማሊን፣ በወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ መቀመጡን፣ ፎርማሊኑ ሥጋውን በደንብ መሸፈኑን፣ ስምዎና የተወሰደበት ጡት ቀኝ መሆኑ በዕቃው ላይ መጻፉን ያረጋግጡ፤ የውጤቱን ወረቀትና የአልትራሳውንዱን ምስል ደግሞ ራስዎ ጋር ያስቀምጡ።