እናቴ በኦቫሪ ካንሰር ነው ያረፈችው፤ የአርኤንኤ ምርመራ ላድርግ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 36 ዓመቴ ነው። እናቴን የነጠቀኝ የኦቫሪ (የሴት እንቁላል ማምረቻ) ካንሰር ነው። ሰሞኑን «ሎንግ ነን ኮዲንግ አርኤንኤ» ስለሚባል ነገር አነበብኩ። ካንሰሩን ገና ሳይጀምር ያሳያል ይላሉ። ምርመራውን የት አገኛለሁ?

መልስ፦ እናትዎን ነፍስ ይማር፣ እርስዎንም ያጽናዎት። ለኦቫሪ ካንሰር እንዲህ ያለ ተቀባይነት ያገኘ ምርመራ ዛሬ የለም። እናሠራልዎ የሚል ካለ ገንዘብዎን አይስጡ።

ጥናቱ ግን እውነተኛ ነው። ብዙዎቻችን አርኤንኤን የምናውቀው ከጂን ተቀድቶ ፕሮቲን የሚሠራበት መልእክት እንደሆነ ነው። እነዚህ ረጃጅሞቹ ፕሮቲን አይሠራባቸውም። ብዙዎቹ ሌሎች ጂኖች እንዲሠሩ ወይም ዝም እንዲሉ ያደርጋሉ። ከእነዚህ አንዱን፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ የሆነውን ሆታይርን እንውሰድ። ጂን የሚዘጉ ፕሮቲኖችን ወደተወሰኑ ጂኖች ይመራል። በኦቫሪ ዕጢ ውስጥ ሲበዛ ካንሰሩ የመዛመትና ኬሞቴራፒን የመቋቋም ዝንባሌ ታይቶበታል። ሜግ3 የሚባለው ደግሞ በተቃራኒው ዕጢን ይገታል፤ በካንሰር ሴሎች ውስጥ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል።

ታዲያ ለምን አንመረምረውም? ሆታይር በጡት ካንሰርም ይጨምራል። መብዛቱ ብቻውን ዕጢው የት እንዳለ አይነግረንም። ተስፋ ግን አለ፤ ፒሲኤ3 የተባለው የዚሁ ቤተሰብ አባል ለፕሮስቴት ካንሰር የሽንት ምርመራ ሆኖ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 ጸድቋል።

ለእርስዎ አሁን የሚጠቅመው የብራካ ጂኖች ምርመራ ነው፤ እነዚህ ከእናት ወይም ከአባት ተበላሽተው ሲወረሱ ለጡትና ለኦቫሪ ካንሰር የሚያጋልጡ ጂኖች ናቸው። ብራካ1 የተበላሸባቸው ሴቶች ከ100ው 40 ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ በዕድሜ ዘመናቸው የኦቫሪ ካንሰር ሊይዛቸው ይችላል። ጉድለቱ ከተገኘብዎ፣ መውለድ ሲያበቁ ኦቫሪውንና የማህፀን ቱቦውን በቀዶ ሕክምና ማስወጣት አደጋውን በእጅጉ ይቀንሳል። ለብራካ1 ይህ የሚመከረው ከ35 እስከ 40 ባለው ዕድሜ ስለሆነ ቀጠሮውን ባያዘገዩት እመርጣለሁ። በአባትዎም በኩል የጡት ወይም የኦቫሪ ካንሰር የያዘው ሰው ካለ ይጠይቁ።

ሲኤ 125 የተባለው የደም ምርመራና አልትራሳውንድስ? ከ200,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት የብሪታንያ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 እንዳሳየው፣ ምልክት የሌላቸውን ሴቶች በዚህ መመርመር ሞትን አልቀነሰም። ምልክት ካለ ግን ሌላ ነገር ነው። ሆድ መነፋት፣ ትንሽ በልቶ ቶሎ መጥገብ፣ ከእምብርት በታች ሕመም፣ ቶሎ ቶሎ ሽንት መምጣት። እኛ ጋ ይሄ ሁሉ «ጨጓራ ነው» ተብሎ ወራት ይባክንበታል! አዲስ ከሆነና ለሁለት ሦስት ሳምንት በየቀኑ ማለት ይቻላል ከተመላለሰብዎ፣ የማህፀን ሐኪም ያነጋግሩ። ሲሄዱ የእናትዎን የባዮፕሲ (ከዕጢው የተወሰደ ናሙና ምርመራ) ውጤት ከተገኘ ይያዙ፤ የካንሰሩ ዓይነት ምን እንደነበር ማወቁ ሐኪሙን በጣም ይረዳዋል።